መብራትና ባሩድ፦ የዲዋሊ በዓል ታሪክና የንጹሕ አየር ጥያቄ

(በታሪክ ትምህርት ክፍል የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ለንባብ እንዲመች መጠነኛ አርትዖት የተደረገበት)



ለዛሬው ንግግሬ የመረጥሁት ርእሰ ጉዳይ በየዓመቱ በጥቅምት ወይም በኅዳር መጀመሪያ በሕንድ ሀገርና ሕንዳውያን በሚኖሩባቸው የዓለም ክፍሎች ሁሉ የሚከበረው የዲዋሊ በዓል ነው። ይህን በዓል አካባቢን በማይጎዳ መንገድ እናክብር የሚለው ጥሪ በሕንድ ከትምህርት ቤት አንሥቶ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል። ጥሪው ሲሰማ ብርቱ ክርክር ይነሣል። አንደኛው ወገን «ርችት የአባቶቻችን ወግ ነው፤ እርሱን መከልከል ሃይማኖታችንን መንካት ነው» ይላል። ሌላኛው ወገን ደግሞ «ርችት ትናንት የመጣ ባዕድ ነገር ነው፤ በበዓሉ ውስጥ ስፍራ የለውም» ሲል ይመልሳል። ሁለቱም ታሪክን ለምስክርነት እንደሚጠሩ ልብ በሉ። ምስክር ሆኖ የተጠራ ሰው የሚያውቀውን ያህል ብቻ መናገር አለበትና፣ እኔም ዛሬ ይህንኑ ለማድረግ እሞክራለሁ።

ሐሳቤን በአጭሩ አስቀድሜ ላስቀምጥ። ርችት በዲዋሊ በዓል ውስጥ ዘግይቶ የገባ መሆኑን ታሪክ ያስረዳል። ይሁን እንጂ ዘግይቶ መግባቱ ብቻውን ክርክሩን አይቋጨውም፤ ዛሬ ጥንታዊ የምንለው ልማድ ሁሉ አንድ ቀን አዲስ ነበረና። ከዕድሜው ይልቅ ሊመረመር የሚገባው የልማዱ ሒሳብ ነው፤ ደስታው የማን ነው? ዋጋውን የሚከፍለውስ ማን ነው?

በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

በዓሉና ትርጓሜዎቹ

ዲዋሊ የሚለው ስም «ዲፓቫሊ» ከተሰኘ የሳንስክሪት ቃል የተገኘ ሲሆን ትርጉሙ የመብራት ረድፍ ማለት ነው። በሰሜን ሕንድ አቆጣጠር በካርቲካ ወር፣ ጨረቃ ፈጽማ በማትታይበት ሌሊት ይውላል። የመብራቱም ምሥጢር ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው፤ ሰማዩ ብርሃን በነሣ ሌሊት ሰው በደጃፉ ብርሃን ያኖራል። በብዙ ስፍራ በዓሉ አምስት ቀናት ይዘልቃል። ቤት ይጸዳል፣ ልብስ ይታደሳል፣ ጣፋጭ ይሠራል፣ ዘመድ ይጠየቃል።

የበዓሉ ምክንያት ግን አንድ አይደለም። በሰሜን ሕንድ ራማ ከስደት ወደ አዮዲያ የተመለሰበት ቀን ተብሎ ይታሰባል። በደቡብ ደግሞ ክሪሽና ናራካሱራ የተባለውን ክፉ ኃይል ድል የነሣበት ነው ይባላል። በቤንጋል በዚያው ሌሊት የካሊ አምልኮ ይፈጸማል። የጃይን እምነት ተከታዮች መምህራቸው ማሃቪራ ከዚህ ዓለም እስራት ፈጽሞ የተላቀቀበትን ቀን ያስቡበታል። ሲኮች በንጉሠ ነገሥት ጃሃንጊር ዘመን ጉሩ ሃርጎቢንድ ከግዋሊዮር ምሽግ እስር የተፈታበትን ያከብሩበታል። ለጉጃራት ነጋዴዎች ዲዋሊ የሒሳብ ዘመን መለወጫ ነው፤ አሮጌው መዝገብ ተዘግቶ አዲሱ መዝገብ በላክሽሚ ፊት ተቀምጦ ይባረካል። የሀብትና የበረከት እመቤት የምትባለው ላክሽሚ በዚያ ሌሊት ንጹሕና ብሩህ የሆነውን ቤት ትጎበኛለች ተብሎ ይታመናል።

ይህን ሁሉ የዘረዘርሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ይህን ያህል መነሻ ያለውን በዓል «እውነተኛው አከባበር ይህ ብቻ ነው» ብሎ መወሰን ለታሪክ ባለሙያ አስቸጋሪ ነው። በዓሉ በየዘመኑና በየሀገሩ አዲስ ትርጉም እየተቀበለ የኖረ ነው። ከእነዚህ ትርጓሜዎች አብዛኞቹ ግን በአንድ ነገር ላይ ይገናኛሉ፤ እርሱም የሸክላ ኩራዝ ነው።

ከባሩድ በፊት

በሕንድ «ዲያ» የሚባለው ይህ ኩራዝ መዳፍ ውስጥ የሚገባ ትንሽ የሸክላ ጽዋ ነው። በውስጡ የሰናፍጭ ወይም የሰሊጥ ዘይት፣ የሚችል ሰው ደግሞ የነጠረ ቅቤ ያደርግበታል፤ ከዚያም የጥጥ ፈትል ይነከርበታል። ሸክላ ሠሪው ከአፈር ይሠራዋል፣ ከበዓሉ በኋላም ተሰብሮ ወደ አፈር ይመለሳል።

በበዓሉ ሌሊት መብራት ስለ መብራቱ የቆዩ ምስክሮች አሉን። በ7ኛው ክፍለ ዘመን ለነገሠው ለሃርሻ በሚነገረው «ናጋናንዳ» በተሰኘው የሳንስክሪት ተውኔት የመብራት በዓል ተጠቅሷል። ከዚያ በኋላ በ1030 ገደማ የሕንድን ሃይማኖት፣ ሳይንስና ልማድ በዐረብኛ የጻፈው ታላቁ ሊቅ አል-ቢሩኒ ዲዋሊን በስሙ ጠርቶ ይገልጻል። ሰዎች እንደሚታጠቡ፣ እንደሚያጌጡ፣ ስጦታ እንደሚለዋወጡ፣ ወደ ቤተ መቅደስ ሄደው ምጽዋት እንደሚሰጡ፣ ሲመሽም በየስፍራው ብዙ መብራት እንደሚያበሩ ይነግረናል። አል-ቢሩኒ ነገርን በዝርዝር የሚመለከት፣ ለባዕድ ልማድ ንቁ ዐይን የነበረው ጸሐፊ ነው። በመግለጫው ውስጥ ርችት የለም፤ ሊኖርም አይችልም ነበር፤ ባሩድ በዚያን ጊዜ ገና ከቻይና አልወጣምና።

ባሩድ ወደ በዓል እንዴት ገባ?

ፖታሺየም ናይትሬትን፣ ድኝንና ከሰልን ቀምሞ የሚፈነዳ ዱቄት መሥራት በ9ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ በቻይና የተገኘ ጥበብ ነው። ወደ ምዕራብ የተስፋፋው በ13ኛው ክፍለ ዘመን ሲሆን የሞንጎሎች ዘመቻ ትልቅ ድርሻ ነበረው። በሕንድ የርችትን ታሪክ በጥንቃቄ የመረመረው ምሁር ፒ. ኬ. ጎዴ ሲሆን፣ ጥናቱ ከ1400 እስከ 1900 ያለውን ዘመን ይሸፍናል። ጎዴ የደረሰበት መደምደሚያ፣ በዲዋሊ ርችት መተኮስ ባሩድ በሕንድ ጦርነት ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ፣ ማለትም ከ1400 ገደማ ወዲህ የመጣ ልማድ መሆን አለበት የሚል ነው።

የመጀመሪያዎቹ ምስክሮች ርችትን የሚያሳዩን በቤተ መንግሥትና በባለጸጎች ሠርግ ነው። በ1443 የቲሙራዊው ገዥ የሻህ ሩክ መልእክተኛ አብዱር ራዛቅ በደቡብ ሕንድ ወደሚገኘው የቪጃያናጋራ መንግሥት መጥቶ ነበር። በንጉሥ ዳግማዊ ዴቫ ራያ ዘመን በማሃናቫሚ በዓል ላይ የእሳት ትርኢት ማየቱን ጽፏል። ከ70 ዓመት ያህል በኋላ ፖርቱጋላዊው ዱዋርቴ ባርቦሳ በጉጃራት ሠርግ ላይ ሮኬት ሲተኮስ እንደነበረ ዘግቧል። በኦሪሳ ከ1497 ጀምሮ የነገሠው ፕራታፓሩድራ ያዘጋጀው በሚባል የሳንስክሪት ድርሰት ውስጥም የርችት አቀማመም ተጽፎ ይገኛል። እነዚህ ሦስቱ ምስክሮች ርችትን ከዲዋሊ ጋር አያገናኙትም። የሚነግሩን ባሩድ ከጦር ሜዳ ወደ አደባባይ ትርኢት መሸጋገሩን ብቻ ነው።

ርችቱ በዲዋሊ ዙሪያ ጎልቶ የሚታየው ቆየት ብሎ ነው። የማራታ ገዥዎችን ታሪክ የሚተርከው ዜና መዋዕል፣ የጦር አለቃው ማሃድጂ ሲንዲያ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በራጃስታን በምትገኘው በኮታ የተከበረውን ዲዋሊ እንዴት እንዳደነቀው ይነግረናል። በከተማዋ እጅግ ብዙ መብራት ይበራል። የኮታው ገዥ ደግሞ የላንካን ከተማ መቃጠል የሚያሳይ የባሩድ ትርኢት ከከተማዋ ክልል ውጭ ያሳያል። ሁለት ነገር እናስተውል። አንደኛ፣ መብራቱ የሁሉም ሲሆን ባሩዱ የንጉሡ ነው። ሁለተኛ፣ ባሩዱ የሚነደው ሰው ከሚኖርበት ስፍራ ራቅ ብሎ ነው። ኩራዙ በእያንዳንዱ ደጃፍ፣ ርችቱ ግን በአንድ ሜዳ ላይ ነበር። ይህ ሥርዓት ቢጸና ኖሮ የዛሬው ክርክር ባልተነሣ ነበር።

በዚያው ዘመን ሙስሊም ሕንዳውያንም በሻብ-ኢ-ባራት ሌሊት ርችት ያቃጥሉ እንደነበር መጥቀስ ይገባል። ርችት የአንድ ሃይማኖት ንብረት ሆኖ አልጀመረም፤ የዘመኑ የጋራ መዝናኛ ነበር። ዛሬ ክርክሩን የሃይማኖት ጠብ ለማድረግ የሚጥሩ ወገኖች ይህን እውነታ ያልፉታል።

ሲቫካሲ፦ ርችት የሁሉም ሲሆን

የነገሥታት ትርኢት የነበረው ርችት በእያንዳንዱ ሕፃን እጅ እንዲገባ ያደረገው ኢንዱስትሪ ነው። የታሪኩም ማእከል በታሚል ናዱ የምትገኘው ሲቫካሲ ናት። አካባቢዋ ዝናብ ያነሰው፣ ለእርሻ የማይመች ደረቅ ምድር ነው። በ1920ዎቹ መጀመሪያ አያ ናዳርና ሻንሙጋ ናዳር የተባሉ ሁለት ዘመዳሞች ወደ ካልካታ ሄደው የክብሪት ሥራ ተማሩና ተመልሰው በከተማቸው ፋብሪካ አቋቋሙ። ገበሬውን ያስቸገረው ደረቅ አየር ለክብሪት ማድረቂያ ተስማሚ ሆነ። ከክብሪት ወደ ርችት የተደረገው ሽግግር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ፈጠነ፤ ዛሬም የሕንድ ርችት አብዛኛው የሚሠራው በዚያው ነው።

ይህ ታሪክ ሁለት ገጽ አለው። በአንድ በኩል ሲቫካሲ በድርቅ ምድር የሚኖር ሕዝብ በራሱ ጥረት እንጀራ የፈጠረበት ስፍራ ነው። ርችት ይቅር ሲባል በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ኑሮ ጥያቄ ውስጥ ይገባል። በሌላ በኩል ሥራው ለረጅም ጊዜ በልጆች ጉልበት ላይ ቆሟል። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1996 በሲቫካሲ የሕፃናት ጉልበት ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ፣ ሕግ ጥሶ ልጅ በአደገኛ ሥራ የሚያሠራ አሠሪ ለእያንዳንዱ ልጅ 20,000 ሩፒ እንዲከፍልና ገንዘቡ ለልጁ ደኅንነት እንዲውል አዝዟል። አደጋውም አልቀረም፤ በመስከረም 2012 በሲቫካሲ አቅራቢያ በደረሰ አንድ የፋብሪካ ፍንዳታ ብቻ ወደ 40 የሚጠጉ ሰዎች ሞተዋል።

እንግዲህ የርችቱ ዋጋ መቆጠር የሚጀምረው በዴልሂ ሰማይ ላይ ሲፈነዳ አይደለም። አስቀድሞ ባሩዱን በጠቀጠቁት እጆች ላይ ተቆጥሯል።

የዴልሂ አየር

አሁን ወደ ጭሱ ልምጣ። ርችት ሲቃጠል የሚያምሩት ቀለሞች የሚገኙት ከብረታ ብረት ጨዎች ነው። አረንጓዴው ከባሪየም፣ ቀዩ ከስትሮንቲየም፣ ሰማያዊው ከመዳብ፣ ነጩ ብልጭታ ከአሉሚኒየም ዱቄት ይወጣል። ከዚህ ጋር የድኝ ጭስና ወደ ሳንባ ጥልቅ የሚገባ ደቃቅ ብናኝ ይለቀቃል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው መመሪያ መሠረት በተለምዶ «ፒ.ኤም. 2.5» የሚባለው ብናኝ በ24 ሰዓት አማካይ ከ15 ማይክሮግራም በሜትር ኩብ መብለጥ የለበትም። የሕንድ የራሷ መመዘኛ 60 ነው። በዲዋሊ ሌሊትና በማግስቱ በዴልሂ የሚመዘገበው መጠን ከዓለም ጤና ድርጅት ወሰን ከአሥር እጥፍ በላይ የሚሆንበት ጊዜ ተደጋጋሚ ነው።

ነገር ግን ፍርዳችን ሚዛናዊ ይሁን። የዴልሂን አየር የሚያበላሸው ዲዋሊ ብቻ አይደለም። ተሽከርካሪው፣ ፋብሪካው፣ የኃይል ማመንጫው፣ የግንባታው አቧራና ለማሞቂያ የሚነደው እንጨት ዓመቱን ሙሉ ይሠራሉ። በዚህ ላይ በዓሉ የሚውለው ብርዱ በሚጀምርበትና ነፋሱ በሚዳከምበት ወቅት ነው። ቀዝቃዛው አየር ከታች ይቀመጣል፣ ሞቃቱ ከላይ እንደ ክዳን ይከድነዋል፣ ጭሱም መውጫ ያጣል።

በዚሁ ሰሞን በፑንጃብና በሃርያና ገበሬዎች የሩዝ ገለባ በእርሻቸው ላይ ያቃጥላሉ። ይህ ለምን በዲዋሊ ሰሞን ሆነ? የከርሰ ምድር ውሃ እየራቀ በመሄዱ ሁለቱ ክልሎች በ2009 ባወጡት ሕግ ገበሬው ሩዙን ከሰኔ አጋማሽ ገደማ በፊት እንዳይተክል ከለከሉ። ሐሳቡ ሙቀቱ በበረታበት ወቅት ውሃ በከንቱ እንዳይተን ነበር። ተከላው ሲዘገይ ግን አጨዳውም ዘገየ፤ በሩዝ አጨዳና በስንዴ ዘር መካከል ያለው ጊዜ ወደ ጥቂት ሳምንታት ጠበበ። የማጨጃው ማሽን የሚተወውን ገለባ በዚህ አጭር ጊዜ ለማስወገድ ርካሹ መንገድ እሳት ሆነ። ውሃን ለማዳን የወጣ ሕግ ጭሱን ወደ ብርዱ ወራት ገፋው።

ስለዚህ አንድ የዴልሂ ነዋሪ «ዓመቱን ሙሉ ጭስ ስተነፍስ ዝም ያላችሁ፣ በበዓሌ ቀን ብቻ ለምን ትመጡብኛላችሁ?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም አለ። ዓመታዊው ችግር የዕለቱን ጭስ ንጹሕ አያደርገውም፤ በተሞላ ዕቃ ላይ የሚጨመር ጠብታ ነውና ከወትሮው ይበልጥ ይጎዳል። ሆኖም በዓሉን ብቻ የሚወቅስ፣ ፋብሪካውንና ተሽከርካሪውን የማይነካ መንግሥት በሕዝብ ዘንድ አመኔታ አያገኝም።

ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ

የሕንድ ፍርድ ቤቶች ጉዳዩን መመልከት የጀመሩት በድምፁ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሐምሌ 2005 በሰጠው ውሳኔ ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ድምፅ ያለው ርችት እንዳይተኮስ ከለከለ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2015፣ ያልተለመደ አቤቱታ ቀረበ። አመልካቾቹ ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 14 ወር የሆኑ ሦስት ሕፃናት ሲሆኑ የቀረቡትም በአባቶቻቸው አማካይነት ነው። የጠየቁት ንጹሕ አየር የመተንፈስ መብታቸው እንዲከበር ነበር።

በኅዳር 2016 ፍርድ ቤቱ በዴልሂና በአካባቢዋ የርችት መሸጫ ፈቃዶችን አገደ። በመስከረም 2017 እገዳውን አላላ፣ በጥቅምት ደግሞ መለሰው። በጥቅምት 23 ቀን 2018 የሰጠው ውሳኔ ሁለት የሕገ መንግሥት አንቀጾችን ያመዛዘነ ነበር። አንደኛው በሕይወት የመኖር መብትን የሚደነግገው አንቀጽ 21 ሲሆን፣ ሌላው የሃይማኖት ነፃነትን የሚያረጋግጠው አንቀጽ 25 ነው። አንቀጽ 25 ራሱ ነፃነቱን የሚሰጠው የሕዝብን ጤና በማይነካ መጠን እንደሆነ በግልጽ ይናገራል። ፍርድ ቤቱ ርችትን ፈጽሞ አልከለከለም። በዲዋሊ ከምሽቱ ሁለት እስከ አራት ሰዓት ብቻ እንዲተኮስ፣ ባሪየም እንዳይጨመርበትና ጭሱ የተቀነሰ «አረንጓዴ ርችት» ብቻ እንዲሸጥ አዘዘ።

ትእዛዙ በተሰጠበት ዓመት አረንጓዴው ርችት በገበያ ላይ አልነበረም። የመንግሥት የምርምር ተቋማት ያዘጋጁት ርችት በይፋ የቀረበው በ2019 ሲሆን፣ የብናኙን መጠን በ30 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ተገልጿል። 30 በመቶ ቀላል አይደለም፤ 70 በመቶው ግን ይቀራል። የሁለት ሰዓቱም ገደብ በሰፊው ተጣሰ፤ ርችቱ እስከ እኩለ ሌሊትና ከዚያም በኋላ ተተኮሰ። ከዚያ ወዲህ ክልከላው አንዴ ሲጠብቅ አንዴ ሲላላ ቆይቷል። በ2025 መጀመሪያ በዴልሂና በአካባቢዋ ዓመቱን ሙሉ የሚጸና ክልከላ ተደነገገ፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት ፍርድ ቤቱ ለበዓሉ ቀናት አረንጓዴ ርችትን በተወሰነ ሰዓት መልሶ ፈቀደ።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ሕጉ ከንቱ ነበር ማለት አልችልም፤ የሕፃናቱን አቤቱታ መስማቱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ሌሊቱን በአንድ ጊዜ በብዙ ሺህ ሰገነት ላይ የሚፈጸምን ተግባር ፖሊስ ሊቆጣጠረው አይችልም። በተጨማሪም ክልከላው ከላይ ሲመጣ ርችቱ አዲስ ትርጉም አገኘ። ቀድሞ የልጆች ጨዋታ የነበረው ለአንዳንዱ የማንነት መግለጫና የእምቢታ ምልክት ሆነ። ልማድን በአዋጅ ብቻ ለመለወጥ ሲሞከር ይህን የመሰለ ውጤት እንደሚከተል ከብዙ ሀገሮች ታሪክ እናውቃለን።

የኮሉኩዲፓቲ መንደር

እዚህ ላይ ከዴልሂ ርቀን ርችቱ ወደሚሠራበት ክልል ወደ ታሚል ናዱ እንመለስ። በሲቫጋንጋ አውራጃ ኮሉኩዲፓቲ የምትባል መንደር አለች። በአጠገቧ በ1977 የአዕዋፍ መጠበቂያ ሆኖ የተከለለው ቬታንጉዲ ይገኛል። የዝናቡን ወቅት ተከትለው ሽመላዎች፣ ሳቢሳዎችና ሌሎች የውሃ ወፎች ከሩቅ እየመጡ በዚያ ጎጆ ይሠራሉ፣ ይፈለፍላሉ። ወቅቱም ከዲዋሊ ጋር ይገጥማል።

የዚህች መንደር ሰዎች ከብዙ አሥርት ዓመታት ወዲህ በዲዋሊ ርችት አይተኩሱም። በሠርግም ሆነ በቤተ መቅደስ በዓል አይተኩሱም። ይህን ያዘዛቸው ዳኛ የለም። ድምፁ ወፎቹን ያስደነግጣል፣ የደነገጠች ወፍም ጎጆዋን ትታ ትሄዳለች ብለው ራሳቸው ወሰኑ። በዲዋሊ ሰሞን የደን መሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች ለምስጋና ጣፋጭ ይዘው ይመጡላቸዋል። ልጆቹም ርችት የሌለበትን ዲዋሊ እንደ ጉድለት ሳይሆን እንደ መንደራቸው ወግ እያዩ ያድጋሉ።

ይህን ምሳሌ አጋንኜ ማቅረብ አልፈልግም። አንዲት መንደር ዴልሂን አትመስልም። በመንደር ሁሉም ይተዋወቃል፣ ወፎቹም በዐይን ይታያሉ፤ በዴልሂ ግን ጭሱ የሚያሳምመው ሰው የማይታወቅ ሩቅ ሰው ነው። ቢሆንም ምሳሌው አንድ ነገር በግልጽ ያሳያል። ርችቱን መተው በዓሉን ከማጉደል ተለይቶ የበዓሉ አካል ሊሆን ይችላል። በኮሉኩዲፓቲ ዝምታው ራሱ የበዓሉ ሥርዓት ሆኗል።

የመብራቱም ሒሳብ

አንዳንድ ሰው «እንግዲያው ርችቱን ትተን ወደ ኩራዙ እንመለስ፤ ነገሩ ያልቃል» ሊል ይችላል። በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ግን የመብራቱም ሒሳብ ይታይ። ከ2017 ወዲህ በአዮዲያ በሳራዩ ወንዝ ዳር በዲዋሊ ዋዜማ እጅግ ብዙ ኩራዝ እየተበራ የዓለም ክብረ ወሰን ይመዘገባል፤ በ2024 የተበራው ከ2.5 ሚሊዮን በላይ ነበር። ትርኢቱ ያማረ ነው። ሆኖም ሥነ ሥርዓቱ ካበቃ በኋላ ድሆች በኩራዙ ውስጥ የቀረውን ዘይት ለምግብ ሲሰበስቡ መታየታቸው በሕንድ ብዙ አነጋግሯል። ዘይት ምግብ ነው። ኩራዝም ቢሆን በክብረ ወሰን ሲቆጠር ከደጃፍ ወጥቶ ወደ ነገሥታቱ አደባባይ ይመለሳል።

በሙምባይ በዳራቪ ሰፈር ውስጥ ኩምባርዋዳ የሚባል የሸክላ ሠሪዎች መንደር አለ። ነዋሪዎቹ ቅድመ አያቶቻቸው ከጉጃራት የመጡ ሲሆኑ ከዲዋሊ በፊት ባሉት ወራት ኩራዝ ይሠራሉ። ከፋብሪካ የሚወጣው የኤሌክትሪክ አምፖል ገበያቸውን ተሻምቷል። አካባቢን የማይጎዳ በዓል የምንል ከሆነ እነዚህም ሰዎች በሒሳቡ ውስጥ አሉ፤ ኩራዝ የሚገዛ ሰው ለአየሩ ብቻ ሳይሆን ለሸክላ ሠሪውም ያስባል። ሌሎችም ወጎች አሉ። በደጃፍ ላይ የሚሣለው ጌጥ በኬሚካል ቀለም ፈንታ እንደ ቀድሞው በሩዝ ዱቄት ሲሣል ለጉንዳንና ለወፍ ምግብ ይሆናል። ቤትን ማጽዳት፣ ጣፋጩን በቤት መሥራት፣ ለጎረቤት ማካፈል ጭስ የማይወጣቸው የበዓሉ አካላት ናቸው። አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልግም፤ በበዓሉ ውስጥ ያለው ይበቃል።

መደምደሚያ

ውድ ተማሪዎች፤ ይህ ጉዳይ እኛን ለምን ይመለከተናል የሚል ጥያቄ እንደምታነሡ እገምታለሁ። ሕንድና እኛ ባዕዳን አይደለንም። በ1940 በደብረ ዳሞ የተገኙት ከ100 በላይ የኩሻን የወርቅ ሳንቲሞች በአክሱም ዘመን የነበረውን ግንኙነት ይመሰክራሉ፤ በቅርቡም ዘመን ሕንዳውያን መምህራን በየትምህርት ቤቱ ትውልድ አስተምረዋል። ከዚህም በላይ እኛም የእሳትና የብርሃን በዓላት ያሉን ሕዝብ ነን። በቡሄ ዋዜማ ችቦ ይበራል፣ ጅራፍ ይጮኻል። በአዲስ አበባ ከጅራፉ ድምፅ ይልቅ ከውጭ የመጣው ርችት የሚሰማበት ሰፈር ጥቂት አይደለም። ከሁለት ትውልድ በኋላ አንድ ወጣት «ርችት የአባቶቻችን ወግ ነው» ብሎ ቢከራከር የምንመልስለት የታሪክ ባለሙያዎች ነን። ስለዚህ የልማድ ለውጥ በዐይናችን ፊት ሲፈጸም መመዝገብ ሥራችን ነው።

የታሪክ ባለሙያ ሕዝብን «ይህን አክብር፣ ያንን ተው» ብሎ የማዘዝ ሥልጣን የለውም። ማስረጃውን የማቅረብ ግዴታ ግን አለበት። ኩራዙ ቢያንስ የአንድ ሺህ ዓመት ምስክር አለው። ባሩዱ በንጉሥ ሜዳ ላይ የጥቂት ክፍለ ዘመናት፣ በልጆች እጅ ደግሞ የአንድ ክፍለ ዘመን ያህል እንኳ ዕድሜ የለውም። የርችቱ ዋጋ የሚከፈለው በሲቫካሲ ሠራተኞች፣ በዴልሂ ሕፃናትና አረጋውያን፣ ጎጆዋን ትታ በምትሸሽ ወፍ ነው። ከእነዚህ አንዳቸውም ሲገዛና ሲሸጥ አልተጠየቁም።

የጉጃራት ነጋዴ በዲዋሊ አሮጌውን መዝገብ ዘግቶ አዲሱን ከመክፈቱ በፊት ማን ዕዳ እንዳለበትና ማን ሊከፈለው እንደሚገባ አንድ በአንድ ያያል። ይህ ወግ ከበዓሉ ውጭ የተጫነ የዘመናችን ጥያቄ አይደለም፤ በበዓሉ ልብ ውስጥ የኖረ ነው። ሕንዳውያን ወዳጆቻችን ስለ ጭሱና ስለ አየሩ የሚያደርጉትን ክርክር በዚህ ወግ ቢመሩት፣ ሃይማኖታቸውን ሳይነኩ መፍትሔ ሊያገኙ እንደሚችሉ አምናለሁ።

ለጥያቄዎቻችሁ ጊዜ እንዲኖር እዚህ ላይ አበቃለሁ።